ከካሉብ ወደ ጎዴ ቧንቧ ለምትዘረጉ፦ መዝገቡን ከቧንቧው በፊት ክፈቱ

ይድረስ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ ለማዕድን ሚኒስቴር፣ ለሶማሌ ክልል የሥራ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ቧንቧውን ለምትነድፉ፣ ለምትበይዱና ለምትቀብሩ ሁሉ። ግልባጭ፦ ጎዴና አካባቢው ለሚኖር ማንኛውም ሰው።

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤው ስለሚረዝም ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ጥሩ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጀራዬ የሌላ ሰው አደጋ ነው ብል አላጋነንኩም። የጋዝና የነዳጅ ቧንቧ ሲፈነዳ ወይም ሲያፈስ ሪፖርት ይሞላል። እኔ ያንን ሪፖርት አነባለሁ፣ አጸዳለሁ፣ እቆጥራለሁ። ከዚያ "ይህ መስመር በሚቀጥለው ዓመት የመበጠስ ዕድሉ ስንት ነው? ቢበጠስስ ማንን ይጎዳል?" ብለው ሲጠይቁኝ ለመመለስ እሞክራለሁ። ደረቅ ሥራ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት "አባዬ ኤክሴል ነው የሚሠራው" ብላ ተናግራለች፤ ብዙም አልተሳሳተችም።

መስከረም 22፣ 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲመረቅ እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተገኘ ጋዝ ነው። ስንት መንግሥትና ስንት ኩባንያ ተፈራርቆበት በመጨረሻ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ሊሰጥ ነው ሲባል ደስ ይላል፣ ለምን እዋሻለሁ። ጎዴ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ይገነባል ተባለ። እዚያው ጎዴ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ይቆማል ተባለ። ፋብሪካው ጋዙን የሚያገኘው ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ ሜዳዎች በሚዘረጋ ቧንቧ ነው ሲሉ ግን ጆሮዬ ቆመ። ሥራዬ ነዋ።

ልመናዬ አንድ ነው። ቧንቧው ውስጥ ጋዝ ከመግባቱ በፊት የአደጋ መዝገብ ክፈቱ። ትልቁን ብቻ ሳይሆን ትንሹንም የሚይዝ፣ ማንም ሰው ገብቶ የሚያየው መዝገብ ይሁን።

(ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ ሳወራ ቀኑም ዓመቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከእኔው ሰፈር ልጀምር። ነሐሴ 10፣ 2016፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ፍላወር ብራንች የሚባል አፓርትመንት በጋዝ ፍንዳታ ተደረመሰ። 7 ሰው ሞተ። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ ከእኛ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ብዙም አይርቅም። የብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ፈጅተው ምክንያቱን አወጡ። ቆጣሪ ክፍሉ ውስጥ ያለ አሮጌ የግፊት መቀነሻ ተበላሽቷል፣ ጋዙን ወደ ውጭ ማውጣት የነበረበት ቱቦም አልተገጠመም። ጋዙ ክፍሉ ውስጥ ተጠራቀመ።

እኔን እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ከፍንዳታው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ነዋሪ የጋዝ ሽታ አለ ብሎ ደውሎ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ። የጋዝ ኩባንያው ግን አልተነገረውም። ጥሪው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ቁጭ ብሏል። መቀነሻው የሌላ መሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ዳታ ስል እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነው የምለው። ሰው ዳታ ሲሉት ኮምፒዩተርና ግራፍ ይታየዋል። አንድ ሰው ሌሊት ደውሎ "ይሸታል" ማለቱ ዳታ ነው።

አሁን የአሜሪካ መዝገብ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የቧንቧ መስመርንና የአደገኛ ቁሳቁስን ደኅንነት የሚቆጣጠር ፊምሳ የሚሉት የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለ። የጋዝ አደጋዎች ዝርዝር ከ1970 ጀምሮ ድረ ገጹ ላይ ተቀምጧል። እናንተም ዛሬ ማታ አውርዳችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ክፍያ የለውም። ደንቡን የሚያሟላ አደጋ ሲደርስ ኩባንያው በ1 ሰዓት ውስጥ ስልክ ደውሎ ያሳውቃል፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ረጅም ፎርም ሞልቶ ይልካል። የት ደረሰ፣ ቧንቧው መቼ ተቀበረ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ስንት ነው፣ ግፊቱ ስንት ነበር፣ ማን አየው፣ ቫልቩ በስንት ደቂቃ ተዘጋ፣ ማን ሞተ፣ ምን ተቃጠለ። ለምክንያቱ ስምንት ሳጥን አለ። ዝገት፣ የተፈጥሮ ኃይል፣ ቁፋሮ፣ ሌላ ከውጭ የመጣ ጉዳት፣ የቧንቧው ወይም የብየዳው ጉድለት፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ የሠራተኛ ስህተት፣ በመጨረሻም "ሌላ"።

ስለዚህች "ሌላ" ስለምትባለው ሳጥን ብዙ ማውራት እችል ነበር። ሰነፍ ሁሉ እዚያ ይሸሸጋል። የናንተ ፎርም ላይ "ሌላ" ብሎ ምልክት ያደረገ ሰው ቢያንስ አንድ ገጽ እንዲጽፍ አስገድዱት፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ትክክለኛው ሳጥን ይታየዋል።

መዝገቡን እንዳለ ቆጥሮ መሄድም አያዋጣም። ለፈሳሽ ነዳጅ፣ እስከ 2002 ድረስ በአብዛኛው ሪፖርት የሚደረገው 50 በርሜልና ከዚያ በላይ ሲፈስ ነበር። ወደ 8,000 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ ደንቡ ተቀየረና 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ ሆነ። ቁጥሩ በአንዴ ወደ ላይ ተተኮሰ። ቧንቧዎቹ ግን ያው ናቸው። ለጋዝ ደግሞ በ2021 የንብረት ጉዳት ወለሉ ከ50,000 ዶላር ወደ 122,000 ዶላር ከፍ አለ። ያኔ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ደኅንነት ተሻሻለ ብሎ ሊያጨበጭብ ይችላል። አለቃዬ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው ፈተና ይኼው ነው። "ይህ መስመር ለምን እዚህ ጋ ዘለለ?" ብሎ ግራፉን ያሳየዋል። ግማሹ ስለ ዝገት ማውራት ይጀምራል።

ወደ ጎዴ ልመለስ። አንድ ቀን አንድ ኃላፊ መድረክ ላይ ወጥቶ "10 ዓመት ሙሉ አንድም አደጋ አልደረሰም" ማለቱ አይቀርም። ጭብጨባ ይኖራል። እስቲ ያንን አረፍተ ነገር አሁኑኑ እንመርምረው።

አውሮፓ ውስጥ የጋዝ ማስተላለፊያ ኩባንያዎች ተሰባስበው ከ1970 ጀምሮ ያለውን አደጋ በጋራ ይመዘግባሉ። መለኪያቸው ኪሎ ሜትር በዓመት ተባዝቶ ነው። 1,000 ኪሎ ሜትር ቧንቧ አንድ ዓመት ቢሠራ፣ ወይም 100 ኪሎ ሜትር 10 ዓመት ቢሠራ፣ ሁለቱም 1,000 ይባላል። ከ1970 እስከ 2016 ባለው ጊዜ በ1,000 የደረሰው 0.31 አደጋ ነው። የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት ብቻ ስንወስድ ወደ 0.13 ወርዷል። ግሩም ውጤት ነው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት የለፉበት።

የኛን መስመር ለሒሳብ እንዲመች 100 ኪሎ ሜትር እንበለው። እንደ ዛሬዋ አውሮፓ ጎበዝ ብንሆን በ77 ዓመት አንድ ጊዜ ያፈሳል ማለት ነው። እሺ። ከአውሮፓ 10 እጥፍ የባስን ብንሆንስ? በ7 ወይም 8 ዓመት አንድ ጊዜ። ስለዚህ በ10 ዓመት ውስጥ ዜሮ አደጋ ማየት ለጎበዙም ለሰነፉም ሊያጋጥም ይችላል። ስታቲስቲክስ የተማራችሁ የሦስቱን ደንብ ታስታውሳላችሁ። ምንም ሳይደርስ 1,000 ኪሎ ሜትር-ዓመት ካለፈ፣ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት መናገር የሚቻለው እውነተኛው መጠን በ1,000 ከ3 አደጋ አይበልጥም የሚል ብቻ ነው። 3 ደግሞ የ0.13ን 23 እጥፍ ነው። ሰውዬው መድረክ ላይ ቆሞ የሚኮራበት ዜሮ፣ ከአውሮፓ 20 እጥፍ የከፋ መስመርንም ሊደብቅ ይችላል ማለት ነው፤ እሱ ራሱ ሳያውቀው፣ ማንንም ሳያታልል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አጭርና አዲስ መስመር ያለው አገር ከራሱ ትልልቅ አደጋዎች ሊማር አይችልም። በጣም ጥቂት ናቸው፣ ሲመጡ ደግሞ ሰው ይዘው ይሄዳሉ። የሚማረው ከጥቃቅኑ ነው። ቧንቧው አጠገብ ሳያስፈቅድ የቆፈረ ኤክስካቫተር፣ ቧንቧውን ሳይነካ ለጥቂት ያለፈውም ጭምር። ከተፈቀደው በላይ ለ3 ደቂቃ የወጣ ግፊት። በጎርፍ የተሸረሸረ አፈር። ተሞክሮ አልዘጋ ያለ ቫልቭ። የተሰረቀ የማስጠንቀቂያ ምልክት። ሽታ አለ ብሎ የደወለ ሰው። እነዚህ በዓመት በመቶዎች ሊመጡ ይችላሉ፣ መቶ ነገር ደግሞ ይቆጠራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት እዚህ ሥራ ውስጥ ገብቼ ነው በደንብ የገባኝ።

"የአውሮፓን ወይም የአሜሪካን ቁጥር ወስደን እንጠቀም" የሚል አማካሪ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ፣ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ውሰዱ፣ ከዜሮ ይሻላል። ግን ያ 0.13 ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ። ቆፋሪ ሁሉ ከመቆፈሩ በፊት የሚደውልበት ቁጥር አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ 811 ነው፣ በነጻ መጥተው ቧንቧው ያለበትን በቀለም ምልክት ያደርጉልሃል። በውስጡ መሣሪያ ልከው ዝገትና ስንጥቅ የሚፈትሹበት ልማድ አለ (መሣሪያውን "አሳማ" ነው የሚሉት፣ ሲሄድ ስለሚጮህ ነው ይላሉ)። እነዚህ ሳይኖሩ ቁጥሩን ብቻ መውሰድ የጎረቤትን የሐኪም ወረቀት ይዞ መድኃኒት ቤት እንደ መሄድ ነው።

ስለ ቁፋሮ ካነሳሁ አይቀር፣ አዲስ አበባ እናቴ ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ። ባለፈው ስሄድ መንገድ የሚሠራ ኤክስካቫተር የውሃውን ቧንቧ በጠሰው። ጠገኑት። በ9ኛው ቀን እዚያው ቦታ፣ አንድ ክንድ እንኳ የማይርቅ ቦታ ላይ፣ ሌላ ማሽን በጠሰው። ሦስተኛውን ጊዜ እኔው ራሴ ቆሜ አየሁ። የጥገናውን ሠራተኛ "ባለፈው የተበጠሰበትን ቦታ የት ጻፋችሁት?" ብዬ ጠየቅኩት። በደግነት አየኝና "ወንድሜ፣ እኛ እንጠግናለን" አለኝ። ሰውዬው ጥፋት የለበትም። የሚሞላው ወረቀት አልተሰጠውም። ውሃ ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ እናቴ ባልዲ ይዛ ጎረቤት ሄደች፣ አለቀ። ጋዝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነው የተመለስኩት።

አሁን ደግሞ መዝገቡ ራሱ ሲዋሽ ምን እንደሚሆን። ሳን ብሩኖ፣ ካሊፎርኒያ፣ መስከረም 9፣ 2010። 30 ኢንች ስፋት ያለው፣ በ1956 የተቀበረ የጋዝ መስመር መኖሪያ ሰፈር መሐል ፈነዳ። 8 ሰው ሞተ፣ 38 ቤት ወደመ። ጋዙን ለመዝጋት 95 ደቂቃ ፈጀ። ይህንን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ኩባንያው ፋይል ላይ ስለዚያ ቦታ ምን ተጽፎ እንደነበር ነው። "ስፌት የሌለው ቧንቧ" ይላል፤ ማለትም ርዝመቱን ተከትሎ የተበየደ መስመር የለውም። መርማሪዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ ያገኙት ግን ስፌት ያለው ቧንቧ ነው፣ ያውም ከአጫጭር ቁርጥራጮች የተገጣጠመ፣ አንዳንዱ ስፌት እስከ ውስጥ ድረስ ያልተበየደ። የኩባንያው የስጋት ሒሳብ ለዓመታት የተሠራው ከመሬት በታች በሌለ ቧንቧ ላይ ነበር። ፎርሙላው ትክክል ነበር ብንል እንኳ ምን ይጠቅማል? ፎርሙላው የተቀበረውን አያይም፣ የተጻፈውን ነው የሚያየው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ቦዩ ሳይደፈን። እያንዳንዱ ቧንቧ ከየትኛው ፋብሪካ እንደመጣ፣ እያንዳንዱን ብየዳ ማን በየትኛው ቀን እንደበየደው፣ ራጅ ተነሥቶ ምን እንደታየ፣ ቦታው በጂፒኤስ የት እንደሆነ ይጻፍ። አሁን ርካሽ ነው፣ በስልክ ፎቶ ይነሣል። ከተደፈነ በኋላ በምንም ዋጋ አይገኝም።

ዳታው ትክክል ሆኖ የሚያነበው ሰው ሲሳሳትም አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 25 ሚሺጋን ውስጥ ማርሻል የምትባል ከተማ አጠገብ ኤንብሪጅ የሚባል ኩባንያ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ እንግዳ አልነበረም፣ በ2005 የገባው የፍተሻ መሣሪያ አይቶታል። ግን ቆፍሮ ማየት የሚያስፈልገው ዓይነት ተብሎ አልተመደበም። ቧንቧው ሲፈነዳ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ሠራተኞቹ "ቧንቧው ውስጥ የተን አረፋ ተፈጥሮ ይሆናል" እያሉ ሁለት ጊዜ መልሰው አስነሡት። 17 ሰዓት ፈሰሰ። ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ወጥቶ ካላማዙ ወንዝ ገባ። የአካባቢው ሰው ከዚያው ዕለት ምሽት ጀምሮ ይሸታል እያለ ይደውል ነበር። ኩባንያው ግን ያወቀው በማግስቱ የሌላ የጋዝ ድርጅት ሠራተኛ አይቶ ሲነግረው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን አስታወሳችሁ? እኔ ይህንን ሪፖርት ሳነብ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መበጠስ ዕድል ነው። መዘዙ የባሰ ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም የፈረንጅ ሒሳብ እኛ አገር ሲደርስ ይበልጥ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ጋዝ ቧንቧ ቢፈነዳ እሳቱ እስከ የት እንደሚደርስ የሚለካበት ቀላል ሒሳብ አለ። ግፊቱን በፒኤስአይ (የአሜሪካኖች የግፊት መለኪያ ነው) ወስደህ ስኩዌር ሩቱን ታወጣለህ፣ በቧንቧው ስፋት በኢንች ታባዛለህ፣ ከዚያ በ0.69። መልሱ በጫማ ይመጣል። 24 ኢንች ቧንቧ በ1,000 ፒኤስአይ ቢሠራ 524 ጫማ፣ ወደ 160 ሜትር ገደማ። ለሳን ብሩኖ ስንሠራው 414 ጫማ ይሰጣል። እሳቱ የጎዳው ግን ወደ 600 ጫማ ድረስ ነው፣ ነፋስም አለ፣ ቤት ከቤትም ያቀጣጥላል። ስለዚህ በዚያ ርቀት ቧንቧው ዙሪያ የሚሠመረውን ክብ እንደ መነሻ እንጂ እንደ አጥር አትዩት።

አሜሪካኖቹ በዚያ ክብ ውስጥ ሰው የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት 20 ወይም ከዚያ በላይ ሕንፃ ካለ፣ ወይም በዓመት ቢያንስ 50 ቀን 20 ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ካለ፣ ያንን "ከፍተኛ መዘዝ ያለበት" ብለው ልዩ ፍተሻ ያደርጉለታል። መጥፎ ደንብ አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ኦጋዴን ውስጥ ቤት የሚቆጥረው ማነው?

አርብቶ አደሩ ዛሬ እዚህ ነው፣ ከወር በኋላ የለም። ሳተላይት ፎቶ ላይ ባዶ ሜዳ የሚመስል ቦታ ድርቅ ሲሆን ሺህ ግመልና መቶ ቤተሰብ ያድርበታል፤ ዋቢ ሸበሌ ዳር፣ ቢርካ (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ) አጠገብ፣ ጉድጓድ ዙሪያ። ነሐሴ 19፣ 2000 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ካርልስባድ አጠገብ የሆነውን አስቡ። በረሃ ነው፣ ቤት የለም። አንድ ትልቅ ቤተሰብ ፔኮስ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ነበር። ቧንቧው ከውስጥ በዝገት ሳስቶ ፈነዳ። ከፍንዳታው 200 ሜትር ገደማ ላይ የነበሩት 12ቱም አለቁ፣ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ያ ቦታ በቤት ቆጠራ ቢታይ ዜሮ ነው። ወንዝ ዳር ማደር የኛ አርብቶ አደር የዘወትር ኑሮ ነው።

ስለዚህ ቆጠራው በየወቅቱ ይሁን። ከወረዳው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣችሁ፣ በ"ጂላል" (በደረቁ ወቅት) እና በ"ጉ" (በዝናቡ ወቅት) የት እንደሚሰፈር ካርታ ላይ አስምሩ። እነሱ ያውቁታል። አማካሪው ከሚያመጣው ሶፍትዌር ይበልጥ ያውቁታል። ቢርካ የሚቆፈረውም በእነሱ ነው፣ ስለዚህ የመደወያው ቁጥር በሶማሊኛ የሚመልስ ሰው ይኑረው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። ቤት የሚገባው ላይ ነው ሆን ተብሎ የሚሸት ነገር የሚጨመርበት፣ ትልልቅ የማስተላለፊያ መስመሮች ላይ ብዙ ጊዜ አይጨመርም። ስለዚህ እረኛውን "ከሸተተህ ደውል" ማለት ዋጋ ላይኖረው ይችላል። ዝናብ እያለ የደረቀ ሣር፣ ነፋስ ሳይኖር የሚቦን አፈር፣ ውሃ ላይ የሚወጣ አረፋ፣ የፉጨት ድምፅ፤ የሚነገረው ይህ ነው። በሬዲዮ፣ በሶማሊኛ፣ በተደጋጋሚ።

ፈሳሽ ነዳጅ ሲሆን ደግሞ የአሜሪካ መዝገብ የማይነግራችሁ ነገር አለ። እዚህ አገር ቤንዚን ሲፈስ ሰው ይሸሻል። በ1998 ናይጄሪያ ጄሴ ላይ የፈሰሰውን ቤንዚን ሊቀዳ የተሰበሰበ ሕዝብ እሳት ሲነሣ ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። በመስከረም 2011 ናይሮቢ፣ ሲናይ በሚባለው የድሆች ሰፈር፣ ከኬንያ ፓይፕላይን መስመር የፈሰሰ ነዳጅ በጎርፍ ማፍሰሻ ቦይ ወረደ፣ ሰው ጀሪካን ይዞ ወጣ፣ 100 ገደማ ሞቱ። ቦቴ ሲገለበጥ እኛ አገር ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግራችሁም። የጎዴው ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ነዳጅ በዚያ አካባቢ በብዛት መንቀሳቀሱ አይቀርም። ከሂውስተን የተገዛ የመዘዝ ሞዴል ውስጥ ጀሪካን የሚባል ቁጥር የለም። እናንተ ናችሁ የምትጨምሩት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የሚመዘግበው ሰው ካልፈራ ነው። የሥራ ኃላፊዎች፣ ይህችን አንቀጽ ለናንተ ነው የጻፍኳት። ኦፕሬተሩ "ግፊቱ 3 ደቂቃ አለፈ" ብሎ ሲጽፍ ደመወዙ ከተቆረጠ፣ ከዚያ በኋላ የምታዩት መዝገብ ንጹህ ይሆናል። በጣም ንጹህ። እኔ እዚህ ዳታ ሳጸዳ የሚያስፈራኝ የተዝረከረከው ኩባንያ አይደለም፣ አምስት ዓመት ምንም ያልጻፈው ነው። ጥፋትን የሚደብቅ ይቀጣ፣ ጥፋትን የጻፈ ግን በመጻፉ አይነካ። በደንብ ይውጣ፣ በመመሪያ ይጻፍ፣ ቃል ብቻ አይሁን።

መዝገቡም በመሳቢያ አይቆለፍ። "ጠላት ይጠቀምበታል" የሚለውን መልስ ገና ሳልጽፍ ሰምቼዋለሁ። የቫልቩን ቁልፍ አውጡት አላልኩም። አደጋው መቼ ደረሰ፣ በምን ምክንያት፣ በስንት ደቂቃ ተዘጋ፣ ማን ተጎዳ፣ ይኼ ይውጣ። ከዚያ የጅግጅጋ ወይም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አውርዶ የመመረቂያ ሥራውን ይሠራበታል፣ እናንተ ያላያችሁትን ያያል፣ በነጻ። ሪፖርቱ በኋላ ሲታረምም የድሮው አይጥፋ። የመጀመሪያው ቀን የጉዳት ግምትና ከሁለት ዓመት በኋላ ያለው ግምት ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ከዚያ ልዩነት ብቻ ብዙ ይማራል።

ፎርም ከየት እናምጣ ካላችሁ፣ የፊምሳ ፎርም ከነመመሪያው ድረ ገጹ ላይ አለ። ዛሬ በአማርኛና በሶማሊኛ መተርጎም ብትጀምሩ በሁለት ወር ያልቃል። ትርጉሙን ለማየት ፈቃደኛ የሆንን፣ እዚህም ሌላ ቦታም በዚህ ሙያ የምንሠራ ልጆች አለን። ክፍያ አንጠይቅም፣ ስብሰባውን ብቻ በኛ ሌሊት አታድርጉብን።

ከእናንተ የምጠብቀው መልስ አጭር ነው። መዝገቡን የሚይዘው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? የስልክ ቁጥሩስ ስንት ይሆናል?

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ